የበሩ ማንኪያ

ለእህቴ ልጅ ለመቶ አለቃ አንዳርጋቸው፣
ደብረ ማርቆስ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህስ? ባለፈው ወር ወህኒ ቤታችንን ልትቆጣጠር ስትመጣ ቀበቶህ አንድ ቀዳዳ ሸሽቶ ስላየሁት ነው የምጠይቅህ። የሺአረግ እንዴት ናት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እዚህ ጣና ዳር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ሲበርድ ብቻ ጉልበቷን ይነዝራታል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጣ ነውና ብቻህን ሆነህ አንብበው። በፖስታ ያልላክሁትም ስለዚሁ ነው፤ ሾፌሩ አዘዘ በእጁ ያደርስልሃል።

በር ጠባቂ ከሆንሁ ወዲህ እንዳለፈው ዓመት ያለ ሰላም አላየሁም። ምክንያቱንም ምሳ ላይ ነግሬህ ነበር፤ አንተ ግን የዓሣውን እሾህ እየለቀምህ ነበር። ድሮ ከየቤቱ የሚመጣውን ስንቅ የምንፈትሸው በአንድ የብረት ማንኪያ ነበር። ከሥጋ ወጥ አውጥተን የጾመኛውን ሽሮ እናማስልበታለን፤ ከክርስቲያኑ ሥጋ አውጥተን የእስላሙ ሳህን ውስጥ እንከተዋለን። ሳህኑ እስረኞቹ ክፍል ገብቶ ሲከፈት ጠብ ነው። እኛም ዱላ ይዘን እንገባለን፤ በማግሥቱ ያንኑ ማንኪያ እናነሣለን።

ይህን ያስቆሙት ሁለት ሴቶች ናቸው። የዘጌዋ ወለተ ኪዳን ለልጇ ለአስማማው፣ ዘይነት ለባሏ ለጀላሉዲን ስንቅ ያመጣሉ። በሩ ላይ እርስ በርስ ተጣልተው ሲሰለቻቸው፣ አንድ ቀን የየራሳቸውን ማንኪያ ይዘው መጡ። በፊታችን እስከ ታች አማሰሉ፣ ቀመሱ፣ ማንኪያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሠርግ ቤት መሰላችሁ ወይ ብዬ ስቄባቸው ነበር። ዘይነትም «ጋሽ ሣህሉ፣ ለእርስዎም አንድ ላምጣልዎ?» አለችኝ። የዚያን ጊዜው አዛዥ አየና ለሁሉም እንዲህ ይሁን አለ። ዱላችን ኮት መስቀያ ሆኖ ከረመ።

ከዚያ አንተ መጣህ። ሲጃራህን እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆምህና «ይህ ወህኒ ቤት ነው ወይስ የማኅበር ቤት? አብዮቱ የጾም ማንኪያ አያውቅም» ብለህ ከለከልህ። ማንኪያ ተስሎ መሣሪያ ይሆናል አልህ። በሩን አልፎ የገባ አንድም ማንኪያ እንደሌለ ከጠባቂዎቹ አንዱን ብትጠይቅ ይነግርህ ነበር። አዲሱ አዛዥ እንደሆነ «እሺ ጌታዬ» ከማለት ሌላ አፍ የለውም።

አንዳርጌ፣ የሚያበግነኝ ነገሩን ማወቅህ ነው። ልጅ ሳለህ እናትህ የቅቤ ወጥ ማማሰያ በስህተት ሽሮህ ውስጥ ብትከት፣ ሁለት ቀን አኩርፈህ አልበላም ያልህ አንተ ነህ። በዳቦ ያባበልሁህ እኔ ነኝ።

ትእዛዝህ የነነዌ ጾም በገባ ሰኞ ተጀመረ፤ የብረቱ ማንኪያም ተመለሰ። ሰኞ አስማማው ሳይበላ አደረ። ማክሰኞ የክፍሉ ግማሽ አልበላም። ረቡዕ አስማማው ሽሮው ላይ የሥጋ ስብ ሲንሳፈፍ አየ። ከጀላሉዲን ሳህን እንደመጣ አላጣውም፤ ሳህኑን ቢወረውር ወጡ የጀላሉዲን መስገጃ ላይ ፈሰሰ። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተኝተው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ውኃ እያቀበለው የኖሩ ናቸው። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ተደባለቀ። እኛም ኮታችንን ጥለን ዱላችንን ይዘን ገባን። የጀላሉዲን ክንድ ተሰበረ። የማን ዱላ እንደሰበረው አላውቅም፤ የእኔ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁለቱም ጨለማ ቤት ናቸው። አስማማው በእርሻ ድንበር ጠብ፣ ጀላሉዲን ስኳር ደብቀሃል ተብሎ የታሰሩ ሰዎች፣ በሃይማኖት ሽፋን ሁከት አስነሡ ተብሎ ተጽፎባቸው፣ ወረቀቱ አንተ እንድትፈርምበት ተልኳል። ከፈረምህ ጉዳያቸው የፖለቲካ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

የብረቱን ማንኪያ ትናንት ጣና ውስጥ ወርውሬዋለሁ። ማንኪያው የት ገባ እየተባለ ግቢው ይተራመሳል፤ እኔም አብሬ እፈልጋለሁ፣ የአዛዡ አልጋ ሥር ሳይቀር ገብቻለሁ። መሳቅ ካማረህ እዚህ ላይ ሳቅ። ሌላ ማንኪያ ማምጣታቸው ግን አይቀርም። የካቲት ሃያ ሦስት ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። የሦስት ቀን ጾም ክንድ ከሰበረ ሃምሳ አምስቱን አንተው አስበው።

ወረቀቱን አትፈርም፤ ትእዛዝህንም አንሣ። እፈርማለሁ ካልህ ከሁለቱ ስም በላይ የእኔን ጻፈው። ያን ሰኞ በሩ ላይ ተረኛው እኔ ነኝ፤ ብታነሣም ባታነሣም ስንቅ ያመጣውን ሁሉ በየራሱ ማንኪያ አማስሎ እንዲሄድ እፈቅድለታለሁ።

የሺአረግን ሳምልኝ፤ ላንተ ያለኝ ቁጣ እሷን አይነካትም። አደይን ጉንጯን፣ ትንሹን መርስዔን ግንባሩን ሳምልኝ። ባለቤቴ እናትዓለም ሰላም ብላሃለች። እናትህ ይህን መጻፌን አታውቅም። በየማታው አንዳርጌ እንዴት ነው ትለኛለች፤ ደህና ሰው ነው እላታለሁ። ያ ሰኞ እስኪደርስ እንዲሁ እላታለሁ።

አጎትህ ሣህሉ

ባሕር ዳር፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.