የጥላሸቱ ቴያትር

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ክረምቱን ቻለው? አባዬስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሰበታም ፋብሪካውም እንዳሉ ናቸው። ትናንት በስልክ ልነግርሽ ስል አቃተኝና ዘጋሁት። መልሼ ስደውል ኔትወርክ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

ቴያትር መሥራቴን እንደማትወጂው አውቃለሁ፤ "ዓለማዊ ነው" ትያለሽ። ከወንዲ ጋር የተዋወቅነው እዚያው የቴያትር ክበብ መሆኑን ስትሰሚ ግን ወቀሳውን ተውሽው። አማች ሲመጣ ዓለማዊነቱ ይረሳል አይደል?

የአሁኑ ስለ ጣሊያን ዘመን ነው። አንድ ጣሊያን ቀልደኛ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ፣ ከንፈሩን አቅልቶ፣ በእኛ እያላገጠ ወታደሮቹን ያስቃል። ቀልደኛው ወንዲ ነው። እኔ ከጎኑ አቁሞ የሚያላግጥብኝ ገረድ ነኝ። አዘጋጃችን ኦቦ ዲሪርሳ "ሰው እዚህ ጋ ይቆጣል፤ ታያላችሁ" ብለውን ነበር።

ቅዳሜ ለት ሰው ሳቀ። በጣሊያኑ መስሎኝ ነበር፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። እሱንስ ቻልኩት።

የወንዲ እናት እትዬ ማሪቱ ከሱሉልታ መጥተው ፊት ተቀምጠው ነበር። አይተውኝ አያውቁም። ሲያልቅ "እጮኛዬ ናት" ብሎ ሊያስተዋውቀኝ፣ ከዚያ ሽማግሌ ወደ እናንተ ሊልኩ ነበር ነገሩ። ከመጋረጃው ጀርባ መጡ። ወንዲ ፊቱን እየጠረገ ነው። ፎጣ አርጥበው አገጬን ያዙና፣ "ውይ የኔ ልጅ፣ አንቺንም እንዲህ አጠቆሩሽ?" እያሉ ጉንጬን ይጠርጉኝ ጀመር። ክፋት የለባቸውም እማ፤ እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። እኔ ግን ምንም አልተቀባሁም፤ ጥቁረቱ የራሴ ነው። ጠረጉ፣ ፎጣውን አዩት፣ ደግመው ጠረጉ። ከዚያ አገጬን ለቀቁና ፎጣውን ለልጃቸው ሰጡት። ከወንዲ አንድ ቃል ብቻ ጠበቅኩ። እሱ ጆሮውን መጥረግ ቀጠለ።

በማግስቱ መጣ። እናቱ መንገድ ላይ "ያቺ ልጅ ማናት?" ብለው ጠይቀውታል። ምን አልካቸው ስለው፣ "ተዋናይ ናት አልኳቸው፤ ትንሽ ይረጋጉና እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ምኑ ነው የሚያረጋጋቸው? ሰው አልሞተባቸው! ተናደድኩ፤ ካንቺ አልደብቅም፣ አለቀስኩም።

የፊታችን እሑድ ቡራዩ ላይ እንደገና እንጫወታለን። ኦቦ ዲሪርሳ ሌላ ሰው ልተካ ወይ ቢሉኝ እምቢ አልኩ።

አባዬን አንቺ ንገሪልኝ፤ ለሽማግሌዎቹ ብሎ ያሰረውን በግ ይሽጠው። ለምን ካለ መንገዱ ጨቅይቷል፣ አይመጡም በይው።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽንም ይጠግንልኝ።

ቁርጥ አንቺን የምመስለው
ልጅሽ