ግራኙ የጠቀለለው ሲጋር

ሀብቴ፣

ይህን ፖስትካርድ ከፎንቆ ገበያ ነው የምጽፍልህ፤ በጣም አፍሬአለሁ። ልጅህ ኪያ የተመረቀች ቀን፣ ኩባ አብሮህ የተማረው ጓደኛህ ራሱ ጠቅልሎ የላከልህን ሲጋር ስታድል፣ የሳጥኑን ጽሑፍ አንብቤ «ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ አይልም፤ የማሽን ነው፣ ተሸውደሃል» ብዬ እንግዳ ፊት አዋረድኩህ። አንዱን ግን ኪሴ ከትቼ ነበር።

እዚህ ገበያ እንደ እኛ ሰፈር ሱቅ አገላብጠህ የምታነበው ጽሑፍ የለም። የትምባሆ ቅጠል የሚሸጡትን እትዬ ሰሊማን «የት እንደበቀለ ያልተጻፈበት ዕቃ ይሸጣል?» ብዬ ተቆጣኋቸው። ሲጋሩንም አውጥቼ «ይሄም ውስጡ በማሽን የታጨቀ ፍርፋሪ ነው» አልኳቸው።

«ከፍተህ አይተኸዋል?»

«ሳጥኑን አንብቤአለሁ።»

«ታዲያ ሳጥኑን አጭሰዋ!»

ገበያተኛው ሳቀብኝ። እትዬ ሰሊማ ሲጋሩን ተቀብለው በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ፍርፋሪ የለውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የታጠፈ ሙሉ ቅጠል ነው።

«ይሄ የሰው እጅ ነው» አሉ። «አጠቃለሉ ወደ ግራ ዞሯል። ሰውየው ግራኝ ነው።»

አንድ ዴስክ ላይ በክርን እየተጋጫችሁ የተማራችሁት ግራኙ ጓደኛህ! ስንት ዓመት አውርተህልኛል። ባገኘው ባዶ ሳጥን ልኮልህ ይሆናል፤ እኔ ሳጥኑን አነበብኩ።

እትዬ ሰሊማ በራሳቸው ቅጠል መልሰው ጠቅልለውልኛል። ይዤው እመጣለሁ፤ የዚያን ቀን እንግዶች ጥራልኝና እነሱው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ካርዱ ሞላብኝ፤ ብርቅዬንና ኪያን ሳምልኝ። ስለ ሲጋሩ ያልኩትን ለጓደኛህ እስካሁን ካልነገርከው፣ እባክህ አትንገረው።

ተክለጊዮርጊስ