ሁለተኛ ወንበር እምቢ ያሉት እኅታችን የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ፤ ሁለተኛ መሆንን የተቀበሉትም ያኔ ብቻ ነው። ተማሪ ሳሉ ኦቦ የሚባለውን ቀጭን የትንፋሽ መሣሪያ ያዙ። የሚነፋበትን ሸምበቆ ሲከረክሙ የአባታችንን ምርጥ መቀስ አደነዘዙት፤ በእኔ በታናሽ ወንድማቸው አሳበው ተገረፍኩበት።

የሙዚቃ ትምህርታቸውን በማዕረግ ጨርሰው ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ደረሳቸው። አንዱ ከትልቁ ከተማ ኦርኬስትራ ሲሆን ከዋናው ኦቦ ነፊ ቀጥሎ ያለ ሁለተኛ ወንበር፣ ቋሚ ሥራ፣ ጡረታ ያለው ነው። ሌላው ከአንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ የመጀመሪያ ወንበር፣ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ልምምዱም ጣሪያው በሚያፈስ የድሮ ሲኒማ ቤት። አባታችን በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው እጅ አስወጡን። አባት፣ እናት፣ ታላቅ እኅታችንና እኔ ለትልቁ ኦርኬስትራ አወጣን። አባታችንም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ስብሰባውን ሊዘጉ ሲሉ፣ እኅታችን እንቁላል በእግሩ የሚሄደው መጀመሪያ ሲሰበር ነው ብለው ሻንጣቸውን ዘጉ። ሁለተኛ የተቀመጠ መከተልን ይለምዳል፣ መምራት የሚለመደው እዚያው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ነው ባይ ነበሩ።

ኦርኬስትራ የሚቃኘው ኦቦ በሚሰጠው አንድ ድምፅ፣ በ‹ላ› ነው። በመጀመሪያው ኮንሰርታቸው ዕለት እኅታችን ከድንጋጤ የተነሣ ከልኩ ከፍ ያለ ‹ላ› ሰጡ። አርባው ሙዚቀኛ አምኖ በእርሱ ተቃኘ። ያልተስማማው ፒያኖው ብቻ ሆነና መሪው በፒያኖ ቃኚው ላይ ጮኹ። ቃኚው ሲመታ ትክክለኛውን ‹ላ› የሚያሰማ መቃኛ ሹካቸውን ከኪስ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ መቱት፤ ሹካው ለፒያኖው መሰከረ። እኅታችንም ብድግ ብለው ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። መንፈቅ ሳይሞላ ከቃኚው ጋር ተጋቡ! ሁለተኛ ወንበር ይዤ ቢሆን ያን ስሕተት ከየት አምጥቼ፣ ባልስ ከየት አግኝቼ እያሉ ይስቁ ነበር።

አንዱ ዓመት ስድስት ሆነ። በዚህ መካከል ለትልቁ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ወንበር ሦስት ጊዜ፣ ዳኞቹ ማን እንደሚነፋ እንዳያዩ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ተፈተኑ። ሁለቴ ወድቀው ሁለተኛውን ወንበር ቢሰጧቸው፣ ሁለቴም አመስግነው ተመለሱ። አይ እልህ! እናታችን እንቅልፍ አጡ፤ እኔም አንድ ወር ሙሉ አኮረፍኳቸው። በሦስተኛው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ትልቁ ኦርኬስትራ በእርሳቸው ‹ላ› ተቃኘ። በየሳምንቱ አንድ ቀን ግን ከጎናቸው ለተቀመጠችው ወጣት ወንበሩን ለቀው፣ ተሳሳቺበት ይሏት ነበር።

አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ሴቷ የጥርስ ሐኪም፣ ወንዱ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ በቤቱ ሌላ ሙዚቀኛ አለመውጣቱን እኅታችን እንደ ትልቅ ሰላም ይቆጥሩት ነበር።

ሳንባቸውን ታመው ሰባት ወር ሲታከሙ፣ አልጋቸው አጠገብ ያለው መሣሪያ ሲጮኽ ከ‹ላ› ትንሽ ወርዷል ብለው ነርሶቹን ያስቁ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ እኅታቸውና እኔ ቀርተናል። ዛሬ በሽኝታቸው ላይ ‹ላ›ን የምትሰጠው ያቺ ወጣት ናት። ሹካው በባለቤታቸው ኪስ አለ፤ አያስፈልግም ብለዋል።

አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ሰላምታቸው አንድ ነበር፦ «እጅህን አወረድክ?» እኔም በእልህ ገና ነው እላለሁ። ሆስፒታልም ጠይቀውኝ ገና ነው አልኳቸው፤ ስቀው ዞሩ።

ትንፋሽን የሰጠ አምላክ የደከመ ትንፋሻቸውን በዕረፍት ይቀበልልን።

እቴቴ፣ እጄን አውርጃለሁ።