ትከሻው የተሞላው ኮት

ውድ አባዬ፣

እሑድ ከሽቦው ማዶ ቆመህ ያልከኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። መልስ ልሰጥህ ስል ጠባቂዋ «ሰዓት አልቋል!» ብላ አቋረጠችን። ስለዚህ በጽሑፍ ልመልስልህ።

«ለይግባኙ ቀን የድሮ ዩኒፎርምሽን አመጣልሻለሁ። ትንሽ ትመስያለሽ፤ ያዝኑልሻል» አልከኝ።

አልለብሰውም።

ሳትቆጣ ስማኝ። ጥፋቴን አልካድኩም። የምትሰፋበት ሱቅ ባለቤት አንተን ከነስፌት መኪናህ ሲያስወጣህ መስታወቱን በድንጋይ ያደቀቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሳይወስን በአመክሮ ለቀቀኝ፤ ወደዚያ ሱቅ ዝር እንዳልል አዝዞ። እኔ ግን ሄድኩ። ሰውየው ከበሩ ላይ ሲያየኝ «ደግሞ መጣሽ፣ አንቺ ስድ?» አለኝ፤ እኔም የሚገባውን ነገርኩት። አመክሮው ተነሣ። በዚህ ይግባኝ አላልኩም።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጣት ለሚወሰንበት ቀን፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለህ ኮት ሰፋህልኝ፤ ጥቁር፣ ትከሻው የተሞላ። ስገባ ከኋላችን አንዷ «ጠበቃዋ እሷ ናት እንዴ?» ስትል ሰምተህ በኩራት ፈገግ አልክ። ዳኛው ግን ቀና ብለው አዩኝና «ከፊታችን የቆመችው ሙሉ ሴት ናት» አሉ። ውሳኔውም እንዲሁ ተጻፈ። ባጠፋሁበት ቀን የነበረኝ ዕድሜ ቀርቶ በአዋቂ ቅጣት ተለካሁ። ፍርድ ስጠብቅ የታሰርኩበት ጊዜም አልተቀነሰልኝም። የተመደበልኝ ጠበቃ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ «ያ ኮት ነው ያሳሰረሽ» እያልክ መርፌ መያዝ እንዳቆምክ እማዬ ነገረችኝ። አባዬ፣ ኮቱ ምን አጠፋ? የሰው ዕድሜ ከትከሻው አይነበብም። ያነበቡት ዳኛው ናቸው።

ደንበኛ የጠበበው ሱሪ ይዞ ሲመጣ ስፌቱን ትተረትራለህ እንጂ ሰውየውን «እባክዎ ይክሱልኝ» ብለህ አትለማመጥም። እኔም ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቅኩም፤ ፍርዱ ይተርተርና በልኬ ይሰፋ። ትንሽ መስዬ ባሸንፍ፣ ነገ በቁመቷ ትልቅ የምትመስል ልጅ እዚያው ትቆምና ትሸነፋለች።

አዲሷ ጠበቃዬ ይህን ስነግራት «ምላስሽ ዕድሜሽን ይጨምርብሻል፤ እዚያ እኔ ልናገር» አለችኝ። እሺ ብያለሁ። ከተረታሁ እዚሁ ከአዋቂዎቹ ጋር እንደምቀር፣ የተመደብኩበት ዩኒቨርሲቲም ቦታዬን ለሌላ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ማክሰኞ፣ በይግባኙ ቀን ጠዋት፣ ኮቱን ይዘህልኝ ና። ትከሻውን እንዳትነካው። ወገቡን ብቻ አጥብበው፤ ከስቻለሁ። መርፌ አልይዝም ካልክም ወገቡ እንደሰፋ እለብሰዋለሁ፤ ያን ጊዜ ሰው «ማነው እንዲህ የሰፋው?» ሲል ከኋላ ተቀምጠህ አንተው መልስ።

የማትለማመጠው ልጅህ