እናቴ ቤት የተሰቀለችው ጨረቃ

ረሆቮት፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2015

«ውድ ተከራይ፣ አሮጌዎቹ አምፖሎች በአዲስ ኤልኢዲ አምፖሎች ተተክተዋል። ብርሃንዎ ይጨምራል እንጂ ከቤትዎ የሚጎድል ነገር አይኖርም።»

ለተከበሩ የሕንጻችን አስተዳደር ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ በተለይም በዚህ ሰሞን ብርድ የእጅና የእግር ጣቶቻችሁን ደኅንነት እጠይቃለሁ። ከላይ የሰፈረው ቃል ሠራተኞችዎ ኦሺዮት ሰፈር በሚገኘው በእናቴ በወይዘሮ አማረች በር ላይ የለጠፉት ነው።

አንደኛ፣ ስለ ብርሃኑ አመሰግናለሁ። የግድግዳውን ሻጋታ እስከ ዛሬ እንዲህ ጥርት አድርገን አይተነው አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ከጠረጴዛዋ መብራት ላይ ሳይቀር ነቅላችሁ ስለወሰዳችሁት አሮጌ አምፖል። እናቴ ያደገችው በሰንበት እሳት በማይነካበት የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ቤት ነው። እዚህም ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያቺን መብራት ታበራና፣ የሚያማትን ጣቶቿን በአምፖሉ አጠገብ እያሞቀች ሰንበትን ታሳልፍ ነበር። የተማርኩት ፊዚክስ ነውና በትሕትና ላስታውስዎ፤ አሮጌ አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን የሚመልሰው በሙቀት ነው። እናንተ ብክነት የምትሉት፣ በብርድ ቤት ውስጥ ለምትኖር አሮጊት ምድጃዋ ነበር። ምድጃ ሲወሰድ በምትኩ አንድ ነገር ይመጣል።

ሦስተኛ፣ የመጣው ምክር ነው። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሊታል በስልክ «ቤሰደር፣ እሺ፣ ማሞቂያ ግዙላታ!» ብለውናል። ገዛን። ነገር ግን የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር እንድትጠግኑልን ስንለምን ሁለት ክረምት ስላለፈ፣ ማሞቂያው በርቶ ትንሽ እንደቆየ የቆጣሪው ማብሪያ ይወርድና ቤቱ ሁሉ ይጨልማል። ባለፈው ዓርብ ማታ፣ ያ ሁሉ ዶፍ ሲወርድ፣ ወረደ። ሰንበት ነውና እናቴ አልነካችውም፤ እኔም በሰንበት መንገድ አልሄድም። ቅዳሜ ማታ ከምኖርበት ከነስ ጺዮና ከተማ ስደርስ ካፖርቷን እንደለበሰች ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። መብራቱን ስመልሰው ቀና ብላ አየችውና «ልጄ፣ ጨረቃ አምጥተው ቤቴ ሰቀሉብኝ፤ ታበራለች እንጂ አታሞቅም» አለችኝ።

እኔ ዘንድ ነይ ብላት ከጸሎት ቤቴ አልርቅም ትላለች። አሮጌውን አምፖል በየሱቁ ብፈልግ ከእንግዲህ አይመጣም አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ይቅርታ አልጠይቅም፤ አምፖሉም ይቅር። የምጠይቀው ማሞቂያ የሚሸከም መስመር ብቻ ነው።

ሌላ ዓርብ እየመጣ ነው፤ እናቴ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሌሊት የምትችል አይመስለኝም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሰንበት በፊት በየትኛው ሰዓት እንደሚደርስ የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ እስከ ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን፣ እኩለ ቀን ድረስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

በብርሃንዎ ብዛት ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአክብሮት እጅ የሚነሳዎ፣
የወይዘሮ አማረች ልጅ፣
ይርዳው በለጠ

ተጨማሪ፦ እናቴ እንደምጽፍልዎ ስትሰማ «ከቤታቸው ሙቀት አይጉደል በልልኝ» ብላ መርቃዎታለች። ምርቃቱን ሳላጓድል አድርሻለሁ፤ አሜን የምለው ግን ሐሙስ መልስዎን ካነበብኩ በኋላ ነው።