ቀን ቆጥረውልኛል ያልከኝ

ጌትዬ፣

እንዴት አለህ ብዬ እንዳልጀምር የት እንዳለህ አውቃለሁ። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው እየገባ ነው። እስከ ዛሬ ልጽፍልህ አስቤ አላውቅም፤ መቃብርህ ከቤታችን ስለማይርቅ የልቤን እዚያው ቆሜ ነበር የምነግርህ። ያሁኑን ግን ላወራህ ብሄድ አፌ ተያዘ። ስለዚህ ጻፍኩ።

እናትህን ከደሃና አምጥቻቸዋለሁ፤ አብረውን ናቸው። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው፤ ገብሳችን ለምን በሰው ታረሰ እያሉ በኽምጣኛ ይቆጡኛል። ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ ልጅህ በቁመት በልጣኛለች። በዝናብ የፈረሰውን የጓሮ ካብ አስጠግኛለሁ። እኔም ከመሞትህ በፊት አጥብቀህ እንዳዘዝከኝ ትምህርት ገባሁ። ካቋረጥኩበት ከስድስተኛ ጀምሬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተማርኩ፣ አሁን ስምንተኛ ልገባ ነው። እንግሊዝኛ የምታስተምረን ያቺ ተማሪህ ዘውዲቱ ናት። አንተ እንግሊዝኛ ያስተማርካት ልጅ እኔን ታስተምራለች! “ጎ” የሚለው ቃል ትላንት ሲሆን “ዌንት” የሚሆነው በምን ዝምድና ነው ብዬ ክፍሉን በሳቅ የጨረስኩ ቀን፣ ምነው በኖረና ባየኝ ብዬ ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ ዘውዲቱ ፈሊጦችን አመጣችልን። “ቃል በቃል ከተረጎማችኋቸው ጉድ ይሠሯችኋል” አለችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች። አንዱ “ሂዝ ዴይስ አር ነምበርድ” የሚል ነበር። ሳነበው ልቤ ደስ አለው። ይህን እኮ አውቀዋለሁ! ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

“በሽተኛ ሲሻለው ነው” አልኩ። “ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ተቆጠረለት ማለት ነው።”

ዘውዲቱ ፈገግ አለች። “አይ እትዬ ብርቄ፣ ተቃራኒው ነው። ሊሞት ነው፣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው ማለት ነው። ማን እንዲህ አለዎት?”

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ማን እንዳለኝ ሳልናገር ደብተሬን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ታስታውሳለህ አይደል? ሆስፒታል ሳለህ፣ ሆድህ እንደ ከበሮ አብጦ፣ ሁለቱ ወጣት ሐኪሞች አልጋህ አጠገብ ቆመው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ። እኔ ከሰላም ደብተር የለቀምኳቸው ጥቂት ቃላት ነበሩኝና “ዴይ” እና “ነምበር” ሲባል ሰማሁ። ሲወጡ “ስለ ቀንና ስለ ቁጥር ነው ያወሩት፤ ገባኝ!” አልኩህ። ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አየህ። ከዚያ ሳቅክ። “ጎበዝ! ቀን ቆጥረውልኛል። በቅርቡ ቤታችን እንገባለን” አልከኝ። እኔም እልል ማለት ነው የቀረኝ። ጎበዝ ያልከኝን ለጎረቤት ሁሉ ነው ያወራሁት።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት መጣሁ። እናትህ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቆሜ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ “ጌታቸው እንደሚሞት ያውቅ ነበር” አልኳቸው።

ሰፌዱን አስቀመጡ።

“ያውቅ ነበር” አሉኝ። “እኔም አውቅ ነበር።”

ጌትዬ፣ የዘውዲቱ ቃል ካስደነገጠኝ ይልቅ ይኼኛው ነው ወገቤን የቆረጠኝ። ከሆስፒታል ወጥተን ደሃና ስንሄድ፣ እኔ ውሃ ልቀዳ በወረድኩበት ለእናትህ ነግረሃቸዋል። “አባቷ የታመሙ ጊዜ ገና ሳይሞቱ ጀምራ ነው ያለቀሰችው። የእኔ ለቅሶ ይቆያት” ብለህ አስምለሃቸዋል። እሳቸውም ምለው፣ ተሻለው ብዬ እየጨፈርኩ ስገባ ለደስታዬ ፍየል አሳርደው አብረውኝ አጨበጨቡ። እዚያ ቤት ውስጥ ምንም የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

“እንዴት ቻሉት?” አልኳቸው።

“ልጄ ለመነኛ! የሚሞት ልጅ ሲለምን ምን ይባላል?” ብለው አለቀሱ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያምቁት የኖሩትን እንባ ያን ቀን አየሁት።

ተናድጄብሃለሁ። ብትነግረኝ ኖሮ ያን ጠዋት ገበያ አልወጣም ነበር። እየተሻለህ ነው ብዬ ዶሮ ልገዛልህ ሄጄ ነው የሞትከው፤ ስመለስ ሰው ደጃችን ላይ ቆሞ ነበር። እጅህን ይዤ መቀመጥ ይገባኝ ነበር። ደግሞ ከሆስፒታል ወጥተህ አብረን የቆየንበትን ያን ወር አስበዋለሁ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ የሳቅንበት ጊዜ የለም። ብትነግረኝ አንዱንም አልስቀውም ነበር። ሁለቱም እውነት ነውና የትኛውን እንደምይዝ አላወቅሁም። እንድማር ስታዘኝስ አንድ ቀን እንደምደርስበት አስበህ ነበር? ይህን የሚነግረኝ የለም፤ እናትህም አያውቁም።

ከእሳቸው ጋር ግን ተማምለናል። ሐኪም ስለ አንዳችን ያለውን ሌላዋ አትደብቅም። “እኔን ምን እንዳሉኝ ሳታጎድይ ንገሪኝ። ቀኔን ካወቅሁ የምመርቀውን መርቄ እሄዳለሁ” አሉኝ። እሺ አልኩ። በዚህ አንተን አልመስልም፤ አትቀየመኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት ገና ነኝ። የማልዋሽህን ብቻ ልንገርህ። እስከ ዛሬ ሳስታውስህ የኖርኩት ድኛለሁ ብሎ የሳቀውን ባሌን ነበር። ከእንግዲህ የማስታውሰው እንደሚሞት እያወቀ አጠገቤ ተቀምጦ የሳቀውን ነው። እሱን ገና አሁን መተዋወቄ ነው፤ እድሜ ልኬን አልጠግበውም።

ብርቄ
ሰቆጣ