ስለ ወርቃማው ከሰዓትና ስለ ጽጌረዳው መጋረጃ

ለክብርት ሚስስ ጉዌንዶሊን ታክሬይ
የብራምብል የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አስኪያጅ
ባሕሩ ዳር

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ክፍል ዘወትር የሞቀ ይሁንልኝ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ የተሰበረው ዳሌዬ ገና ስላልጠናልኝ ከምሳ በኋላ ያስቀመጡኝ ቦታ ላይ ማታም ያገኙኛል፤ ስለዚህ ጠፋች ብለው የሚሰጉበት ምክንያት የለም።

እንደሚያውቁት ዕድሜዬን በሙሉ ሰው መኪና መንዳት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ተማሪው ቢደነግጥ የምረግጠው ሁለተኛ ፍሬን ሁልጊዜ ከእግሬ ሥር ነበር። አሁን የተሽከርካሪ ወንበሬ ፍሬን ከኋላዬ፣ እጄ ከማይደርስበት ቦታ ነው፤ ሠራተኞችዎ ወደ ሳሎኑ ይገፉኝና ይቆልፉታል፤ ሻይ እስኪመጣ ድረስም ከአገራችን የድሮ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ጋር ተፋጥጬ እቆያለሁ። «ወርቃማ ከሰዓት» የሚል ስም ያወጡለትን ይህን ዝግጅት ስላሰናዱልን፣ የቴሌቪዥኑንም መቆጣጠሪያ እንዳይጠፋብን በማሰብ በቢሮዎ መሳቢያ ውስጥ ስለቆለፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንደ ማንኛውም ተመልካች ጥቂት አስተያየት ለማቅረብ ብደፍር እንደማይከፉብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

፩ኛ. ስለ መርማሪው። መንደሯ እጅግ ውብ ናት። ቤተ ክርስቲያን አላት፣ የዳክዬ ኩሬ አላት፣ መጠጥ ቤት አላት፣ በየሳምንቱም ሦስት ሬሳ አላት። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሲያልቅባት ለአበባ ውድድሩ የሚሰለፈውን ሕዝብ ከየት እንደምታመጣው እስካሁን አልገባኝም። ነዋሪውም ቤቱን ሸጦ እንደመሸሽ ለመርማሪው ሻይ ይቀዳለታል። መርማሪው ደግሞ ሲነዳ መንገዱን ትቶ ከጎኑ የተቀመጠውን ረዳቱን እያየ ነው የሚያወራው፤ ቀጥ ባለ ጎዳና ላይም መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። የእኔ ተማሪ ቢሆን ከሠፈሩ ሳንወጣ ነበር የማስወርደው። ገዳዩን ማወቅ አያስቸግርም፤ ከመጀመሪያው አንስቶ ለሁሉም ሰው ደግ የሆነው ነው። እሱ ቢያመልጠን እንኳ ጡረተኛው የባንክ ሠራተኛ ሚስተር ኦስበርት ፌን አሉልን፤ ሁሉንም ክፍል ከዚህ በፊት ስላዩት የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ «የእንስሳት ሐኪሙ ነው፤ በመኮትኮቻ ነው የገደላት» ብለው ይገላግሉናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የእንስሳት ሐኪሙ እስኪያዝ መጠበቅ ነው። እሱስ ቢሆን በመጨረሻ በፖሊስ መኪና ከዚያ ይወጣል፤ እኛ እንቀራለን።

፪ኛ. ስለ ትልቁ ቤት ድራማ። ጌቶቹ ፎቅ ላይ ናቸው፣ አሽከሮቹ ምድር ቤት ናቸው፣ ሁሉም በየቦታው ደስ ብሎታል፤ አንዲት ሹካ ከቦታዋ ዝንፍ ያለች እንደሆነ የአሽከሮቹ አለቃ ዓይን እንባ ያቀርራል። ከአጠገቤ የሚቀመጡት የሚስስ ኦልዌን ፓስክ እናት እንዲህ ባለ ቤት ገረድ ነበሩ። አንድ ቀን ሚስስ ፓስክ ከሚሠሩት ሹራብ ቀና ሳይሉ «እናቴ የምታለቅሰው ለጉልበቷ ነበር፤ ለሹካ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አስተያየት ስለሌለኝ ይህንኑ አስተላልፌአለሁ።

፫ኛ. ስለ አስቂኙ። ቄስ ቤቱ በመጣ ቁጥር ሱሪው የሚወልቅበት ሰውዬ ነው። ሱሪው ሲወልቅ የማይታይ ሕዝብ ከኋላ ሆኖ ይስቃል። ሳቁ የተቀዳው እኔ ገና ልጃገረድ ሳለሁ ስለሆነ ከሚስቁት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት እንደሌሉ እገምታለሁ። በሳሎናችን ውስጥ የሚስቁትም እነሱ ብቻ ናቸው። እርስዎ ግን ከጎብኚዎች ጋር በኮሪደሩ ሲያልፉ ያን ሳቅ ሰምተው «ይሰማችኋል? ከሰዓታቸውን እንዴት እንደሚወዱት» ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለ መልካም አስተያየትዎ በሟቾቹ ስም አመሰግናለሁ።

፬ኛ. አራተኛው ፊልም አይደለም፤ መጋረጃ ነው። ቴሌቪዥኑ የተሰቀለው ባሕሩን ከሚያሳየው ሰፊ መስኮት ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ብርሃን ያርፍበታል። ስለዚህ ገና ሲከፈት ያ ጽጌረዳ የታተመበት ወፍራም መጋረጃ ይዘጋል፤ ከሠራተኞችዎ በቀር ማንም እንዳይነካውም ታዟል። በዚህ የብርድ ወር ደግሞ በአገራችን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ጠዋት ሳሎኑ ስለሚጸዳ መግባት አይፈቀድልንም። ባሕር ዳር እየኖርን ባሕር ካየን ሰነበትን።

ሚስተር ኩትበርት ላይልን ያውቋቸዋል። በዚህች ከተማ የባሕር ዳርቻውን አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ እዚህ ከገባሁ ወዲህም አንድ ወዳጄ የሆኑ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ፊት መለየት ትተዋል፤ ብርሃንና ትልቅ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን ገና ይታያቸዋል፤ ባሕር ማለት ደግሞ ይኸው ነው። ሐኪማቸው ይህም ቢሆን እስከ መጋቢት ቢቆይላቸው ነው ብሏል። ብራምብልን የመረጡት ለዚያ መስኮት ሲሉ ነበር፤ የተሰጣቸው መኝታ ቤት የሚያየው የመኪና ማቆሚያውን ነው። ስለዚህ ከሰዓት ከሰዓት ወንበራቸውን ከቴሌቪዥኑ ያዞሩና ከተዘጋው መጋረጃ ፊት ይቀመጣሉ። ምን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው «ቀያይ ነገር ይታየኛል። ጽጌረዳ ናቸው አሉኝ። ለአንዷማ ስም አውጥቼላታለሁ» አሉ። ሳቅሁ።

ለምን አቤት እንደማይሉ ስጠይቃቸው «ተይ የኔ ውድ፣ ሌሎቹ ይወዱታል። እኔ ማነኝና የሰው ደስታ አበላሻለሁ?» አሉኝ። እንግዲህ ሌሎቹን ጠየቅሁ። ሚስስ ፓስክ መርፌያቸውን አስቀምጠው «እኔ? ያን ሹካ ዳግመኛ ባላየው ደስታዬ። ለሚስተር ፌን ብዬ ነው የምቀመጠው፤ ምስኪን፣ ገዳዩን መናገር ደስ ይለዋል» አሉኝ። ሚስተር ፌን በበኩላቸው ግራና ቀኝ ተመልክተው «ገዳዩን የምናገረው እኮ አንድ ሰው ተበሳጭቶ አጥፉት እንዲል ብዬ ነው። እኔማ እንዳልል ሴቶቹ ይወዱታል» አሉኝ።

በገባን ቀን እያንዳንዳችንን ደረቅ ኬክ ጋብዘው «የድሮ ፊልም ይወዳሉ?» ብለው እንደጠየቁን ያስታውሱ ይሆናል። አስተዳደጋችን እንደሚያዘው ስለ ኬኩም ስለ ፊልሙም የሰጠነው መልስ አንድ ነው፦ «እጅግ ግሩም ነው፣ አመሰግናለሁ።» እዚህ አገር ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እዚሁ ተወልደው ላደጉት ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። እንዲህ ሆኖ አንዳችንም የማንፈልገውን ነገር እያንዳንዳችን ለጎረቤታችን ስንል ችለን፣ በሩ ሳይቆለፍብን ታስረን ከረምን።

ነገሩ ሲገለጥልን ሁላችንም ቢሮዎ ድረስ መጣን፤ እኔን ሚስስ ፓስክ ገፉኝ። እርስዎም እንደ ልማድዎ ሻይ አስቀድተው፣ ራስዎን እየነቀነቁ አዳምጠው ሲያበቁ «ግን እኮ ሁላችሁም ግሩም ነው ብላችሁኝ ነበር» አሉን። ቀጥለውም ጉዳዩ ነዋሪውን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ በሚያዝያው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እንደሚነሳ በትሕትና ገለጹልን። ሚስተር ላይል ስለ ሻዩ አመስግነው ወጡ። ሚያዝያ ለእርሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አልነገሩዎትም፤ ሰው ማስቸገር አይወዱም። እኔ ግን እነግርዎታለሁ። የቀረቻቸውን ብርሃን ጨርቅ እያዩ እየጨረሷት ነው። እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጬ፣ መጋረጃው ከጀርባዬ፣ ከክንዴ ጥቂት ራቅ ብሎ ተንጠልጥሎ፣ ፍሬኑ ከኋላ ተይዞ፣ እጄን ብዘረጋ አልደርስበትም። ተናድጃለሁ፤ እንዲህ ተናድጄም አላውቅም።

የምለምንዎ መርማሪው እንዲባረር ወይም የሰውየው ሱሪ እንዲጠብቅ አይደለም። መጋረጃውን ይክፈቱልን፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ቢታይም ባይታይም ቅር አይለንም።

፭ኛ. አምስተኛው ስለ ኬኩ ነበር። ትቼዋለሁ።

ስላደረጉልን ሁሉ፣ ይልቁንም ሳንጠይቅ ስላደረጉልን ሁሉ እያመሰገንኩ፣ ፊቴን እርስዎ ባዞሩት አቅጣጫ እንዳዞርኩ፣ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ለመልስዎ የምጠባበቅ፣

አክባሪዎ
ሄስተር ብሬስዌት

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ደብዳቤውን ለሚስተር ላይል አነበብኩላቸው። «ደግ ሴት ናት፣ ትከፋለች። እባክሽ አትላኪላት» ብለው አጥብቀው ለመኑኝ። የወዳጅ ቃል ስለማከብር ለእርስዎ አልላክሁትም፤ ለከተማው ጋዜጣ ሰጠሁት። ምናልባት ግን ነገሩን እስከ ሚያዝያው ስብሰባ ለማቆየት ከወሰኑ፣ ያን ጊዜ ስለ እኛ ብለው መጋረጃውን ለመክፈት አይድከሙ። ለሚስተር ላይል ተከፈተም ተዘጋም አንድ ይሆናል፤ ብርሃኑም ቴሌቪዥኑን ያበላሽብዎታል።